የሥራ አስኪያጃችን አምስት እጥፍ

ለስንዴ አጨዳ ብድር ልጠይቅ ሮቤ ወዳለው የቁጠባና ብድር ማኅበራችን ሄጄ የማኅበሩ ዘበኛ ሆኜ ቀረሁ። ነገሩን ከጫፉ መጀመሬን አውቃለሁ፤ ግን ያገኘኝ ሰው ሁሉ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ «እውነት ነው እንዴ በር ላይ ቆመሽ ሰው ትፈትሺ ነበር?» ስለሚለኝ፣ እናንተም ይህን ጥያቄ ይዛችሁ እንዳትቸገሩ ብዬ ነው። አዎ፣ ፈትሻለሁ። የነፍስ አባቴን ቦርሳ ሳይቀር ፈትሻለሁ። ውስጡ ምን እንደነበረ ግን አልናገርም፤ ዘበኛም የራሱ ምስጢር አለው።

ቀስ ብዬ ነው የምጽፈውና ታገሡኝ። ድሮ ጎባ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሳለሁ ጣቶቼ ከአለቃዬ አፍ ይቀድሙ ነበር። አሁን አንድ ዓረፍተ ነገር እጀምርና ወጥ አማስዬ፣ ጓሮ የገባ ዶሮ አባርሬ፣ ትንሽ አልቅሼ እመለሳለሁ። ባለቤቴ መምህር ነበር። የጻፍኩትን ሁሉ እያነበበ «ይህ ቃል እዚህ ምን ይሠራል?» እያለ በቀይ እስክሪብቶ ይሰርዝብኝ ነበር፤ እኔም እናደድበት ነበር። አሁን የሚሰርዝብኝ የለም። እንግዲህ ጽሑፌ ከሚገባው በላይ ቢረዝም ምክንያቱ ይኸው ነው።

ባለቤቴ የሞተው ስንዴ ዘርተን በጨረስን ሰሞን ነው። ስንዴው ከመሬት ሲወጣ እሱ ገባ። ማሳችን ከሮቤ ወጣ ብሎ ወደ ጎሮ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ ነው፤ ከድር የሚባል ጎበዝ ገበሬ ያርሰዋል፣ ምርቱን እኩል እንካፈላለን። እኔ ለቅሶ ተቀምጬ፣ አርባውን አውጥቼ፣ ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ገብቶ ዝምታው ሲበዛብኝ፣ ስንዴው ማንንም ሳይጠይቅ ራሱን ችሎ አድጎ ቢጫ ሆነ። አንድ ቀን እናቴ ለማለት «አዴ» የሚለኝ ከድር ደወለ።

«አዴ፣ ኮምባይነሩ መጥቷል።»

«እሰይ!»

«እሰይ አትበይ። ቀብድ ያልከፈለ ተራ የለውም። የኛን ሰፈር ከጨረሰ ወደ ጎሮ ይሻገራል፣ ከዚያ ወዲያ ብትለምኚውም አይመለስ። ደግሞ ከሳነቴ በኩል ያለውን ደመና አይተሻል?»

አየሁት። በእኛ አገር ኮምባይነር፣ ይኸው የስንዴ ማጨጃው መኪና፣ እንደ ጳጳስ ጉብኝት ነው፤ ሲመጣ ሰው ሁሉ ተሰልፎ ይጠብቀዋል፣ አንዴ ካለፈ ደግሞ ተመለስ አይባልም። የደረሰ ስንዴ ዝናብ ካገኘው ዛላው ላይ እንዳለ ይበቅላል፤ ያኔ ለሰው ሳይሆን ለከብት ነው። ይህ ስንዴ ባለቤቴ በእጁ የዘራው የመጨረሻው ነገር ነበር። ለከብት እንዲሆን አልፈለግሁም። ነገሩ ይኸው ነው፤ ከዚህ በኋላ የማወራው ሁሉ ከዚች ፍላጎት የመጣ ጣጣ ነው።

የአጨዳ ብድር ደግሞ ማኅበራችን የሚታወቅበት ነገር ነበር። ጠዋት ሄደህ፣ ፈርመህ፣ ከሰዓት በፊት ማኅበሩ ራሱ ለኮምባይነሩ ባለቤት ይከፍልልሃል። እኔም አባል ነኝ። ምን ያስቸግራል ብዬ ነጠላዬን አጣፍቼ ወጣሁ።

በመጀመሪያው ቀን ብድሩን ያሳጣኝ ጥቁር ልብሴ ነው። እኛ ዘንድ ሐዘንተኛን ባዩበት ቦታ ማጽናናት ግዴታ ነው፤ ገበያ መሀልም ቢሆን፣ የጎባ ሚኒባስ ውስጥ ተጣብቀውም ቢሆን። ሰልፍ ላይ ከፊቴ የነበሩት ሽማግሌ ዞር ብለው አዩኝና «የመምህር ባለቤት አይደለሽም እንዴ? ረቢ ሲ ሃ ጀጀቤሱ!» ብለው በኦሮምኛ እያጽናኑ እጄን ያዙ። ከኋላዬ ያለችው ሴት «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብላ ማልቀስ ጀመረች። ሰልፉ ፈረሰና ክብ ሠራ። ወንበር መጣልኝ፤ መሀል ተቀመጥኩ። አንዱ ባለቤቴ እንዴት ማባዛት እንዳስተማረው አወራ፤ ሌላው እንዴት እንደገረፈው አወራና እሱ ደግሞ ከሁሉ በላይ አለቀሰ። የሒሳብ ሠራተኛዋ ሰናይት ሳትቀር መስኮቷን ዘግታ መጥታ አቀፈችኝ። አዘነችልኝ፣ አልጠላሁም፤ መስኮቱ ግን ተዘጋ። ተጽናንቼ ስጨርስ ምሳ ሰዓት ሆነ። ከምሳ በኋላ ኔትወርክ የለም ተባለ።

በማግስቱ ማንም እንዳያጽናናኝ ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤ ሄድኩ። የግቢው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። አዳራሹ ውስጥ ጭድ የተጫነ አህያ ቆሞ የአስተያየት መስጫ ሳጥኑን ያሸታል። ማኅበሩ ከተቋቋመ ጀምሮ ለዚያ ሳጥን ፍላጎት ያሳየ የመጀመሪያው ፍጡር እሱ ሳይሆን አይቀርም። ወለሉ ጭቃ በጭቃ ነው። ሥራ አስኪያጃችን አቶ ሳምሶን ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ባለ ሹል አፍንጫ ጫማውን ተጫምቶ፣ አህያውን በፋይል ይነዳል። ፋይሉን አየሁት። የኔ ፋይል ነው።

«እትዬ፣ ይግቡ፣ ይግቡ!» አለኝ እያለከለከ። «ትንሽ መዋቅር እየሠራን ነው።»

አህያው መዋቅሩ ላይ የት ቦታ እንዳለው አልጠየቅሁም። ተጋግዘን አስወጣነው። በሩ ላይ ስደርስ፣ ማኅበሩ ከተከፈተ ጀምሮ ዘበኛ የነበሩት ኦቦ ጀማል ከመንገዱ ማዶ ኪዮስክ በረንዳ ላይ ተቀምጠው አየሁ።

«ኦቦ ጀማል! አህያው ሲገባ እያዩ ዝም ይላሉ?»

«ምን አገባኝ? ተሰናብቻለሁ እኮ» አሉ፤ ቅር ብሏቸዋል። «ያም ሆኖ ከልምድ የተነሳ እያየሁት ነበር። የገባው ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ማንንም አልነካም።»

ተመልሼ ወደ ሰናይት መስኮት ሄድኩ። ሰናይት አንገቷን አስግጋ ግራ ቀኝ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«እትዬ፣ አልሰሙም? መጀመሪያ ጽዳቷን ወርቄን አሰናበታት። ያን ጊዜ ከሁላችን ዝቅተኛ ተከፋይ ጋሽ ጀማል ሆኑ። እሳቸውንም አሰናበታቸው። ከዚያ ተላላኪውን። ከዚያ የብድር ሠራተኛውን። አሁን ዝቅተኛ ተከፋይ እኔ ነኝ።»

«ታዲያ እሱ ከዚህ ምን ያገኛል?»

«አምስት እጥፍ ነዋ!»

ይህን ጊዜ ነገሩ ገባኝ፤ ሳቄም ለቅሶዬም አንድ ላይ መጣ። አምስት እጥፏን ያመጣት ባለቤቴ ነው።

መምህራኑ፣ ነጋዴዎቹና ገበሬዎቹ በትምህርት ቤት ክፍል ተሰብስበው ማኅበሩን ሲያቋቁሙ፣ ባለቤቴ ተነሥቶ አንድ አንቀጽ በደንቡ ይግባልኝ አለ። ማኅበሩ ውስጥ የሚሠራ ማንም ሰው፣ እዚያው ከሚሠሩት ሁሉ ዝቅተኛ ከሚከፈለው ከአምስት እጥፍ በላይ አይከፈለውም። ሥራ አስኪያጁ የራሱ እንዲጨመርለት ሲፈልግ የጽዳቷንም አብሮ ይጨምር ዘንድ ነው። «ለምን አምስት?» ብለው ሲጠይቁት መዳፉን ዘርግቶ «ማንም ሲቆጥር እንዳይሳሳት» አለ። ተጨበጨበለትና ገባ።

አቶ ሳምሶን ክፉ ሰው አይደለም። ሲቀጠር ትሑት ነበር። ኋላ አዳማ ሆቴል ውስጥ ሥልጠና ሄዶ ሦስት ቃል ይዞ ተመለሰ፤ ማነቆ፣ ተወዳዳሪ ደመወዝ፣ መዋቅር። አምና በጠቅላላ ጉባኤው ላይ ተነሥቶ «ደንባችን ማነቆ ሆኖብናል፤ ዘመኑ የነፃ ውድድር ነው፤ ደንቡ ላላ ቢል ማኅበራችን ይበራል» ብሎ ነበር። አንድ የሲናና ገበሬ ከተቀመጡበት ሳይነሡ «ልጄ፣ ያጠራቀምነው እንዲበር አይደለም፤ ባስቀመጥንበት እንድናገኘው ነው» አሉት። «እኔን እኮ ባንኮች እየጠሩኝ ነው» ሲል ደግሞ ከኋላ አንዱ «አቤት በላቸዋ!» አለውና ጉባኤው በሳቅ ተበተነ። አንቀጹ ሳይነካ ቀረ።

እሱ ግን አንቀጹን መንካት እንደማያስፈልገው አሰበ። አምስቱን ከመጨመር ዝቅተኛውን ማንሣት። የወርቄን ደመወዝ ቢጨምር የሱም አብሮ ይጨምር ነበር፤ ይህ ግን ወጪ ነው አለ። ወርቄን ቢያሰናብታት ግን ዝቅተኛው ኦቦ ጀማል ይሆናሉ፣ አምስት እጥፉም ከፍ ይላል፤ ኦቦ ጀማልን ቢያሰናብት ደግሞ ከዚያ ከፍ ይላል። እንዲህ እያለ ደረጃ በደረጃ ሲወጣ፣ ከሥሩ ያለውን መሰላል እየነቀለ ሰናይት ዘንድ ደረሰ። ሰናይትን እንኳ ያቆያት እሷ ከሄደች የአምስት እጥፉ መነሻ ስለሚጠፋ ነው። ይህን ሁሉ ያሰላው ያለ ካልኩሌተር ነው። ባለቤቴ ቢኖር ኖሮ ቢናደድም ማርክ ይሰጠው ነበር ብዬ አስባለሁ።

የቀረው ቅዳሜ የሚደረገው ጠቅላላ ጉባኤ አዲሱን ደመወዝ እንዲያጸድቅ ብቻ ነበር።

እኔ ግን፣ ሰው ሁሉ እንደሚመስለው ሳይሆን፣ ስለ ደመወዙ ግድም አልነበረኝ። የምፈልገው ብድሬን ነው። ችግሩ፣ አቶ ሳምሶን አሁን ጽዳትም፣ ዘበኛም፣ ተላላኪም፣ የብድር ሠራተኛም እሱ ራሱ ሆኗል። ፋይሌን ገልጦ ስሜን መጻፍ ሲጀምር በር ይንኳኳል፤ ሮጦ ይከፍታል። ሲመለስ አንድ ሰው ጭቃ አንሸራቶት ወድቋል፤ መጥረጊያ ያነሣል። መጥረጊያውን ሲያስቀምጥ ለወረዳ የሚሄድ ደብዳቤ አለ፤ ባጃጅ ተሳፍሮ ይሄዳል። ሲመለስ ስሜ ከተጀመረበት ፊደል አልተነቃነቀም። ሰውየው በአምስት እጥፍ ደመወዝ የአምስት ሰው ሥራ ነበር የሚሠራው፤ እሱ ግን ይህን አላስተዋለም።

«እትዬ፣ አይዞዎት፣ ፋይልዎ እጄ ላይ ነው» ይለኛል። እውነቱን ነው፤ ከእጁ ወርዶ አያውቅም።

እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት። «ልጄ፣ አንተ ፋይሉን ያዝ፤ እኔ በሩን ልያዝልህ» አልኩት።

በሩን ያዝኩ። ለትንሽ ጊዜ ብዬ ነበር። ግን እኔ ዕድሜዬን መሥሪያ ቤት የኖርኩ ሴት ነኝ፤ በር ከያዝኩ በር ነው የምይዘው። ገቢውን በቀኝ፣ ወጪውን በግራ አደረግሁ። የሚገፋፉትን ለየሁ። ቦርሳ መፈተሽ የጀመርኩት አንድ ሰውዬ ራሱ ከፍቶ ስላሳየኝ ነው፤ የመጀመሪያውን አይቼ የሁለተኛውን ብተወው ሁለተኛው ምን ይላል? ጥቁር ከለበሰች ሴት ጋር ደግሞ ማንም አይከራከርም። አንድ ወጣት «እናቴ፣ ስልክ ይዞ መግባት ይቻላል?» አለኝ። ለምን እንደጠየቀኝ አላውቅም፤ አይቻልም አልኩት።

ከመንገዱ ማዶ ኦቦ ጀማል መቀመጥ አቃታቸው።

«አዴ! ዱላው በግራ እጅ ነው! ቀኝ ለሰላምታ ነው!»

«ዱላ የለኝም!»

«ዱላ የሌለው ዘበኛ ምን ዘበኛ ነው? ያዢ!» ብለው የራሳቸውን ይዘው መጡ። ከዱላው ጋር ምክርም ጨመሩልኝ፤ ለሀብታም ቶሎ መክፈት፣ ለባለሥልጣን ቀስ ብሎ መክፈት፣ ለተቆጣ ሰው ጨርሶ አለመክፈት። «የተቆጣ ሰው ውጭ ቆሞ ነው የሚበርደው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ሞክሬዋለሁ።

ከሰዓት በኋላ ወለሉ ዓይኔን አስቸገረኝና ጠረግሁት። አቶ ሳምሶን ከቢሮው ብቅ ብሎ ወለሉን አየ፣ ሰልፉን አየ፣ እኔን አየ፤ ዓይኑ እንባ ሞላ።

«እትዬ፣ እርስዎ እኮ የሚገርሙ ነዎት! ነገ ስንት ሰዓት ይገባሉ?»

«ፋይሌስ?»

«ነገ የመጀመሪያ ሥራዬ እሱ ነው።»

በማግስቱ የመጀመሪያ ሥራው ለእኔ የግቢውን ቁልፍና ፊሽካ ማስረከብ ሆነ። በተሻልኩ ቁጥር ሥራው እየበዛብኝ፣ ፋይሌም ወደ ኋላ እየቀረ ሄደ። ሰነፍ ብሆን ኖሮ ብድሬን አግኝቼ ነበር። በር ላይ ሳለሁ ከድር ደወለ።

«አዴ፣ ኮምባይነሩ ከኛ አጠገብ ያለው ማሳ ገብቷል። እሁድ ጠዋት ወይ ወደኛ ነው ወይ ወደ ጎሮ ነው። ብድሩ የት ደረሰ?»

«እየሠራሁበት ነው ከድር።»

«ምን እየሠራሽ?»

«ዘበኛ ነኝ።»

የከድር ድምፅ እንደ ሐኪም ለሰለሰ።

«አዴ... ሐዘን እንዲህ ያደርጋል። አሁን አጠገብሽ ሰው አለ?»

ማታውን ሚስቱን ማር አስይዞ ላከብኝ። ዓይን ዓይኔን እያየች፣ ቀስ ብላ እያናገረችኝ፣ የቢላውን መሳቢያ ሳይቀር ገልጣ አይታ ሄደች።

ቅዳሜ ደረሰ። ጠቅላላ ጉባኤው የሚካሄደው በማኅበሩ አዳራሽ ነው። ሰማዩ ከጎባ በኩል ጠቁሯል። እኔ ዱላዬን በግራ ይዤ በር ላይ ቆሜያለሁ። አቶ ሳምሶን ከራቫት አስሮ፣ ፋይሌን በብብቱ ይዞ መጣና ጠጋ አለኝ።

«እትዬ፣ ፋይልዎ አልቋል። የቀረው የኔ ፊርማ ብቻ ነው። ስብሰባው እንዳለቀ እፈርማለሁ።»

«አሁን ብትፈርምስ?»

«ስብሰባው እንዳለቀ» አለና ፈገግ አለ። ፈገግታው ደስ አላለኝም። እስከዚያ ቀን ድረስ ፋይሌ ሥራ በዝቶበት የዘገየ መስሎኝ ነበር።

የቦርዱ ሰብሳቢ ጋሼ ታደሰ ስብሰባውን ከፈቱ። ጋሼ ታደሰ የባለቤቴ የድሮ ጓደኛ ናቸው፤ በመጠኑ ያንቀላፋሉ፣ ግን ደመወዝ ሲባል ይነቃሉ። አቶ ሳምሶን ቆሞ አስረዳ። ዝቅተኛ ተከፋያችን ወይዘሪት ሰናይት ናት፤ የሥራ አስኪያጁ ደመወዝ አምስት እጥፏ እንዲሆን ይጠየቃል፤ ደንቡ በትክክል ተከብሯል። ሰዉ አጉረመረመ። ሁሉም አንድ ነገር እንደተሠራባቸው ያውቃሉ፤ የቱ ጋ እንደሆነ ግን የሚይዙበት ጠፋቸው። የሲናናው ገበሬ ጣታቸውን ቆጠሩ፤ አምስት ሆነባቸው፤ እጃቸውን መልሰው ኪሳቸው ከተቱ። ጋሼ ታደሰ «እንግዲህ የምትደግፉ እጅ...» ብለው ሲጀምሩ፣ አዴ ዘይነባ ተነሣች።

አዴ ዘይነባ ሮቤ ገበያ የቅመማ ቅመም ነጋዴ ናት። ቁጣዋ ከበርበሬዋ ይብሳል።

«እኔ ስለ ደሞዝ አይደለም» አለች። «ደሞዛችሁን እናንተ ተነጋገሩ። እኔ የምጠይቀው፣ ያቺ በር ላይ ያለችው ሴትዮ ዘንቢሌን በርብራ ቴምሬን ያስቀመጠችብኝ በማን ሥልጣን ነው?»

«ስብሰባ ላይ ቴምር አይበላም!» አልኩ ከበሩ።

«ወላሂ፣ ሰማችኋት? ማን ሾማት?»

ጋሼ ታደሰ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው አዩኝ፤ ከዚያ ወደ አቶ ሳምሶን ዞሩ።

«የማኅበሩ ሠራተኛ ናት?»

«አዎ... ማለቴ፣ እንደዚያ እንኳን አይደለም። በጎ ፈቃደኛ ናቸው።»

«በሩን ትጠብቃለች?»

«ይጠብቃሉ።»

«ትጠርጋለች?»

«አልፎ አልፎ።»

«ስንት ትከፍላታለህ?»

አቶ ሳምሶን መልሱን ለመናገር አፉን ከፍቶ እዚያው ላይ ቆመ። ምን ሊል እንደሆነ ከማንም በፊት የሰማው እሱ ነው። «ምንም» አለ በመጨረሻ።

ከኋላ አንዱ «ምንም በአምስት ሲባዛ!» ብሎ ጮኸና ሳቁ ጣሪያውን አነሣው። ሽማግሌዎቹ በከዘራ ወለሉን መቱ። ሰናይት ፊቷን በወረቀት ሸፈነች።

«ሠራተኛ አይደሉም!» አለ አቶ ሳምሶን ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ለብድር የመጡ ሐዘንተኛ እናት ናቸው! ራሳቸውን ጠይቋቸው!»

ጋሼ ታደሰ ወደኔ ዞሩ። አዳራሹ ሁሉ ወደኔ ዞረ።

«በይ አንቺ ተናገሪ። እዚህ ትሠሪያለሽ ወይስ አትሠሪም?»

እውነቱን ልንገራችሁ፤ አልሠራም ልል ነበር። ፋይሌ በብብቱ ነው። ኮምባይነሩ ነገ ጠዋት ይሻገራል። በመስኮቱ በኩል ደመናው ይታየኛል። አንዲት ቃል ብዋሽ ስንዴዬ ጎተራ ይገባል፤ አንቀጹ ደግሞ ወረቀት ነው፣ ባለቤቴም የለም፣ ማን ያየኛል? አፌን ከፈትኩ። በዚያች ቅጽበት አንድ የዘገየ አባል በሩን ገፋ አድርጎ ገባ፤ እጄ እኔን ሳያማክር ፊሽካዬን አፌ ላይ አደረገና ነፋሁ።

«ቁም! ስብሰባ ተጀምሯል! ቦርሳ!»

ከዚያ በኋላ መዋሸት አይቻልም ነበር። ደግሞም ፊሽካው ልቤን ከፈተልኝ መሰለኝ።

«ይኸው አያችሁ» አልኩ። «እሠራለሁ። በር እይዛለሁ፣ ወለል እጠርጋለሁ፣ አህያ አስወጣለሁ። እዚህ የመጣሁት ግን ለአጨዳ ብድር ነው። ፋይሌ ይኸው እሱ ብብት ሥር አለ፤ ስንዴዬ ማሳ ላይ ቆሟል። ወርቄና ኦቦ ጀማል በነበሩ ጊዜ ይህ ብድር በአንድ ጠዋት ያልቅ ነበር። እነሱ ከሄዱ ወዲህ የኛ ሥራ አስኪያጅ ከመጥረጊያና ከበር ተርፎ ስሜን ጽፎ መጨረስ አልቻለም። መዋቅር የምትሉት ምን እንደሆነ አላውቅም። እኔ ያየሁት ይህንን ነው።»

መጨረሻው ላይ አለቀስኩ። ማልቀሴ ለስንዴው ይሁን ለሌላ፣ ለራሴም አልታወቀኝም። አዴ ዘይነባ ቴምሯን ረስታ መጥታ አቀፈችኝ።

አቶ ሳምሶን የመጨረሻ ሙከራ አደረገ። «ይኸው! ደንቡ ማነቆ ነው ስል የነበረው ለዚህ ነው! ምንም የማይከፈላቸውን ሰው ቆጥሮ... ይህን ደንብ ማላላት አለብን!»

የሲናናው ገበሬ ይህን ጊዜ ተነሥተው ቆሙ። «ልጄ፣ ገና ሳይላላ አህያ ገብቷል። ቢላላ ማን ሊገባ ነው?»

ከዚያ ወዲያ ክርክር አልነበረም። የተሰናበቱት ሰኞ ይመለሱ ተባለ። ጋሼ ታደሰ ግን ፍርደ ገምድል አይደሉም፤ የወርቄ ደመወዝ ትንሽ ከፍ እንዲል ሐሳብ አቀረቡና ጸደቀ። አቶ ሳምሶን ጥግ ተቀምጦ በጣቱ ሲያሰላ ቆየ፤ ከዚያ ቀና ብሎ «ታዲያ... የኔም እኮ አብሮ ይጨምራል» አለ፤ እንደዚያ ግራ የገባው ሰው አይቼ አላውቅም። «አዎ ልጄ» አሉት ጋሼ ታደሰ፣ «ሁልጊዜም እንደዚያ ነበር። አሁን የሴትዮዋን ብድር ፈርም።»

ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ፈረመ። አሳዘነኝ። ችግሩ አንድ ብቻ ቀረ፤ ክፍያውን ለኮምባይነሩ ባለቤት የሚያደርሰው ተላላኪው ነው፣ ተላላኪው ደግሞ እስከ ሰኞ የለም። ሁሉም አቶ ሳምሶንን አየው።

እሁድ በማለዳ መጣ። እኔና ከድር ማሳው ዳር ቆመን ስንጠብቅ፣ በዚያ ባለ ሹል አፍንጫ ጫማው ጭቃውን እየዘለለ፣ ከራቫቱ በነፋስ ወደ ኋላ እየበረረ ከሩቅ ታየን። ከድር አየው፣ እኔን አየ፤ እብድ እንዳልሆንኩ ያን ጊዜ ያመነ ይመስለኛል። ቀብዱ ተከፈለ፤ ኮምባይነሩ እያጓራ ማሳው ውስጥ ገባ።

ሰማዩ ግን አልጠበቀንም። የመጀመሪያው ጆንያ ሳይሞላ ነፋሱ ተለወጠ፣ ከሳነቴ በኩል ነጎድጓድ ተሰማ። ከድር የቀጠራቸው ሰዎች ገና አልደረሱም። ኮምባይነሩ ስንዴውን እንደ ቧንቧ ሲለቀው የጆንያ አፍ የሚይዝ ጠፋ። ከድር «ያዝ! ያዝ አንተ!» ብሎ ጮኸ፤ የሚጮኸው በማን ላይ እንደሆነ ሳይ፣ አቶ ሳምሶን ኮቱን አውልቆ አጥር ላይ ሰቅሏል።

እንዴት ያለ ሥራ ሠራ መሰላችሁ! ጆንያ ያዘ፣ ሰፋ፣ ተሸከመ። እብቁ ፀጉሩ ላይ ተከምሮ ሽማግሌ አስመሰለው። እኔ አጠገቡ ቆሜ እጄን ወደሚፈስሰው ስንዴ ሰደድኩ። ሞቃት ነበር። ባለቤቴ በዘር ሰሞን ዝናብ ሱሪውን ሰብስቦ ሲዘራው «ይኸ ደግሞ ደህና ዘር ነው፣ ታያለሽ» ብሎኝ ነበር። አየሁት። እሱ አላየውም። እፍኝ ሙሉ ይዤ፣ ወደ ጆንያው ሳልመልሰው፣ ብዙ ቆምኩ። ማንም ሊያጽናናኝ አልመጣም፤ ሁሉም ሥራ ላይ ነበሩ፤ ያ ደግሞ ጥሩ ሆነልኝ።

የመጨረሻው ጆንያ ጋሪ ላይ ሲወጣ ዝናቡ ጣለ። ሸራ አለበስነው። የኮምባይነሩ ሹፌር፣ ከአርሲ የመጣ ወፍራም ሰውዬ፣ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደና አቶ ሳምሶንን ከእግር እስከ ራሱ አየው። ጫማው ከጭቃው አይለይም፤ ከራቫቱን በጆንያ ማሰሪያነት ተጠቅሞበታል።

«እናት፣ ይህ ልጅ ጉልበቱ ለጉድ ነው» አለኝ ሹፌሩ። «ወደ ጎሮ ይዤው ልሂድ፤ ካንቺ የተሻለ እከፍለዋለሁ። ስንት ነው የምትከፍይው?»

አቶ ሳምሶን ቀና ብሎ አየኝ። በእውነት የሚጠብቅ ይመስል ነበር።

«እሱን እንኳ» አልኩት ሹፌሩን፣ «ጠቅላላ ጉባኤ ሳልጠራ መናገር አልችልም።»